ትንፋሽሽን አንገቴ ላይ ልስማው

ያን ጊዜ ቦሌ ሚካኤል አካባቢ በአንዲት ጠባብ ሱቅ የሕፃናት ልብስ እሸጥ ነበር። ደንበኞቼ «ለሰው ልጅ ስትሸጪ ከምትኖሪ የራስሽን መቼ ነው የምታለብሺው?» እያሉ ሲቀልዱብኝ አብሬ እስቃለሁ። መልሱን የምናውቀው እኔና ባለቤቴ ሰይድ ብቻ ነበርን።

ልጅ ሳለሁ ደሴ ውስጥ ቶንሲል እየደጋገመ ያመኝ ነበር። በጊዜው በደንብ ስላልታከመ ሕመሙ ልቤ ድረስ ዘልቆ አንዱን ክዳን አጥብቦታል። «የልብሽ ክዳን እንደ ልብ አይከፈትም» ነበር ያለኝ መጀመሪያ ያየኝ ሐኪም። ዳገት ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል፤ ጨርቅ የሞላ ካርቶን ካነሳሁ ደረቴ ውስጥ ወፍ የገባ ይመስለኛል። ከተጋባን በኋላ ሌላ ሐኪም ፊት ለፊት ቁጭ አድርጎን «እርግዝና ቢቀርባችሁ ይሻላል» አለን። ሰይድ ወዲያው «ይቀራላ!» አለ፤ ምሳ ይቅርብኝ እንደሚል ሰው።

ግን አረገዝኩ። ፈልጌ ነው ያረገዝኩት፤ በስህተት ነው ብዬ አላውቅም። ሰይድ ሲሰማ አልጮኸም። አጠገቤ ተቀምጦ መሬት መሬቱን እያየ፣

«ከድጃ፣ እኔ አንቺን ነው የማውቀው። ልጁን ገና አላውቀውም» አለኝ።

«እኔ ግን አውቄዋለሁ» አልኩት። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አልተከራከርንም።

ነገሩ የሆነው በእኛ አቆጣጠር በሰማንያዎቹ ማብቂያ ላይ ነው። የሰው ምክር ቦሌ ውስጥ ካለ አንድ የግል ክሊኒክ፣ ከማህፀን ሐኪሟ ከዶክተር ሶስና ዘንድ አደረሰኝ። ዶክተር ሶስና ቃል የማታባክን ሴት ነበረች። ልቤን ረጅም ጊዜ አዳምጣ መነጽሯን አወለቀችና እንዲህ አለችኝ፦

«ምጥ ለልብ ዳገት ላይ መሮጥ ማለት ነው። ጤነኛ ልብ ሮጦ ይወጣዋል። ያንቺ በፍጥነት ከሮጠ ግን ደሙ በጠበበው በር አላልፍ ብሎ ሳንባሽ ላይ ይጠራቀማል። ስለዚህ ልብሽን ሳናስሮጥ ነው የምናዋልድሽ።»

«እንዴት ተደርጎ?»

«ሕመሙን በማጥፋት። ኤፒዱራል ይባላል። በወገብሽ በኩል ቀጭን የላስቲክ ቱቦ እናስገባለን፤ መድኃኒቱ በዚያ እየገባ ከወገብሽ በታች ያለውን ሕመም ያደነዝዛል። አያስተኛሽም፤ ልጅሽ ሲወለድ ታይዋለሽ።»

በዚያን ጊዜ ይህን የሚሠሩ ሐኪሞች በአገሩ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። እሷ የምታውቀው አንድ የማደንዘዣ ሐኪም ነበር፤ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ ዶክተር መኮንን የሚባል። ቀኔ ሲደርስ እንደምታስጠራው ነገረችኝ።

እናቴ የመጣችው በመጨረሻው ወር ነው። ከደሴ በአውቶቡስ፣ ማርና ቅቤዋን ይዛ፣ ገርጂ ካለችው ኪራይ ቤታችን ገብታ ገና ሳታርፍ መርፌውን ነገርኳት።

«ከወገብ?» አለች።

«ከወገብ።»

የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። «አይሆንም» አለችኝ።

ምክንያቷን አውቀው ነበር፤ ወይም የማውቀው መስሎኝ ነበር። ታናሽ ወንድሟ፣ አጎቴ አሕመድ፣ ማጅራት ገትር ታሞ ሆስፒታል ገብቶ ከወገቡ ውኃ ከተቀዳ በማግስቱ ነው የሞተው። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ «ከወገቡ የተቀዳ ሰው አይተርፍም» የሚለው ነገር እንደ ሕግ ነበር። የአጎቴ ስም እንኳ አይነሣም። ጎረቤቶቻችንም የየራሳቸውን ጨመሩበት። አንዷ ሽባ ያደርጋል አለች። ሌላዋ ልጁ ፈዞ ይወለዳል፣ ጡት አይዝም አለች። አንዲት ደግሞ «ምጥ ያልቀመሰች ሴት ለልጇ አታዝንም» ብላ ፈረደችብኝ። እኔም ፈርቼ ነበር፤ ፍርሃቴን ግን ለማንም አላሳየሁም። ሦስታችንም እያንዳንዳችን የየራሳችንን ፍርሃት ይዘን በአንዲት ክፍል ስንኖር ክረምቱ ገባ።

ምጤ የጀመረኝ ዝናብ ሲያወርድ ባደረ አንድ ጧት ነው። ሰይድ ከገርጂ ወደ ቦሌ የሚሠራ ሚኒባስ ሾፌር ስለነበር በየምልልሱ በደጃችን እያለፈ ጥሩምባ ይነፋል፤ ደህና ከሆንኩ እናቴ እጇን ታወዛውዝለታለች። ያን ዕለት እጇን ሳይሆን ነጠላዋን ስታውለበልብ አይቶ መኪናውን ከነተሳፋሪው አቆመ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አላቸው፣ «ባለቤቴን ምጥ ይዟታል፤ ክሊኒክ ላደርሳት ነው። የሚቸኩል ካለ ይውረድ።»

አንድም ሰው አልወረደም። ከፊት የተቀመጠው ሰውዬ ተነሥቶ ቦታውን ለቀቀልኝ። ከኋላ አንዲት አሮጊት «ማርያም ትቅረብሽ ልጄ» ሲሉኝ እናቴ ቀድማኝ «አሚን» አለች። ጥቂት እንደሄድን የገርጂ ጭቃ መኪናውን ዋጠው። ሱፍ የለበሰውም፣ ዘንቢል የያዘችውም ወርደው ከጭቃው ጋር ታገሉ። አንዱ በመስኮት እያየኝ «አንቺ ተቀመጪ፣ የዛሬውን እኛ እንግፋልሽ!» ሲለኝ በምጥ መሃል ሳቅሁ።

ሳቄ ግን ክሊኒኩ በር ላይ አለቀ። ምጡ በመጣ ቁጥር ልቤ ጉሮሮዬ ድረስ እየዘለለ ይመታ ጀመር። አልጋው ላይ በጀርባዬ ሲያስተኙኝ አየር አጣሁ፤ ትራስ ደራርበው ቀና አደረጉኝ። ደረቅ ሳል ያዘኝ። ዶክተር ሶስና ደረቴን ካዳመጠች በኋላ ፊቷን ከእኔ አዙራ ሲስተሯን «መኮንን የታለ? አሁኑኑ ይምጣ» አለቻት። ድምጿ አልተለወጠም፤ እጇ ግን ትከሻዬን ጠበቅ አድርጎ ያዘው።

ዶክተር መኮንን ሲመጣ እናቴ የክፍሉ በር ላይ ቆማ ነበር።

«በወገቧ አይገባም!» አለችው። «ልጄ ናት። አይገባም!»

ረጅም፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። አልገፋትም፣ አልተቆጣትም። ጎንበስ ብሎ ዓይን ዓይኗን እያየ፣

«እማማ፣ መርፌ ማንን ወሰደብዎት?» አላት።

እናቴ ደነገጠች። «ወንድሜን።»

«ምን ሆኖ ነበር?»

«ትኩሳት። አንገቱ አልታጠፍ አለ። ብርሃን ሲያይ ይጮህ ነበር።»

«መርፌው ሲገባ ሰው ለይቶ ያውቅ ነበር?»

«የለም» አለች ቀስ ብላ። «ያን ጊዜ እኔንም አይለየኝም።»

«እንግዲያው መርፌው የገባው በሽታውን ለማወቅ ነው፤ ያውም ዘግይቶ። ወንድምዎን የገደለው በሽታው ነው፣ እማማ። መርፌው አይደለም።»

እሱ ቀጠለ፦ «የዛሬው ደግሞ ከዚያኛው ይለያል። ያኛው ውኃው ድረስ ይዘልቃል። የእኔ ውኃው ጋ ሳይደርስ ይቆማል።»

«ብትሳሳትስ፣ ልጄ?»

«ልሳሳት እችላለሁ። ብሳሳት ብርቱ ራስ ምታት ይይዛት ይሆናል፤ እሱን ማከም እችላለሁ። ሌላም ችግር ቢመጣ አጠገቧ ነኝ። ልቧ እንዲህ ሲሮጥ ዝም ብዬ ባይ ግን፣ ኋላ ልመልሳት ስለመቻሌ ቃል አልገባልዎትም።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ከድጃ፣ ሰምተሻል። ውሳኔው ያንቺ ነው።»

ሽባ መሆን ታየኝ። የፈዘዘ ልጅ ታየኝ። ግን አየር አልነበረኝም። «ያድርጉልኝ» አልኩት።

አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀምጠው እግሬን አንጠልጥዬ ጀርባዬን እንደ ድመት እንዳጎብጥ ነገሩኝ። መርፌው ገብቶ እስኪወጣ፣ ምጥ ቢመጣብኝ እንኳ መንቀሳቀስ የለብኝም። ዶክተር ሶስና የልጁን ልብ ትከታተላለች፤ ሲስተሯ ዕቃ ታቀብላለች፤ ከፊቴ ቆሞ የሚይዘኝ ሰው አስፈለገ። ሰይድ «እኔ አለሁ» ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ። መጥቶ ትከሻዬን ያዘ። ከኋላዬ ያለውን መርፌ በትከሻዬ አሻግሮ አየው። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፎ እየተንሸራተተ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ተዉት» አለ ዶክተር መኮንን ዞር ሳይል። «እሱን መሬቱ ይዞታል። ሌላ ሰው?»



«እኔ እይዛታለሁ» አለች እናቴ።

ከፊቴ መጥታ ቆመች። ግንባሬን ትከሻዋ ላይ አስደግፋ በሁለት እጆቿ አቀፈችኝ። ቀዝቃዛው አልኮል ወገቤን ሲነካኝ በጆሮዬ አንሾካሾከችልኝ፦

«አሕመድንም የያዝኩት እኔ ነበርኩ።»

ቀና ልል ስል መልሳ ተጫነችኝ።

«ልክ እንዲህ አድርጌ። ሐኪሞቹ እንዳይንቀሳቀስ ሲሉኝ ‹ድንጋይ ሁን ወንድሜ› አልኩት። ሆነልኝ። በማግስቱ እውነትም ድንጋይ ሆኖ አገኘሁት። ለማንም ተናግሬ አላውቅም።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እናቴ የምትፈራው መርፌውን ይመስለኝ ነበር። የምትፈራው ለካ የገዛ እጆቿን ነው። እኔን ለመያዝ ስትነሣ ምን ያህል ዳገት እንደወጣች የገባኝ ያኔ ነው።

በዚህ መሃል ምጡ መጣ። ከሁሉ የከፋው ነበር። «አትንቀሳቀሺ፣ አሁን ውስጥ ነኝ» አለ ዶክተር መኮንን። ሰውነቴ በሙሉ ሊወራጭ ፈለገ።

«ድንጋይ ሁኚ አልልሽም» አለች እናቴ። «አንቺ ተንፍሺ። ብቻ ትንፋሽሽን አንገቴ ላይ ልስማው። ያ ረቢ! ተንፍሺ ልጄ። እንደሱ። ደግሞ።»

ተነፈስኩ። ትንፋሼ አጭርና ሻካራ ነበር፤ ግን በየተራው አንገቷ ላይ እያረፈ እሷም አብራኝ ትተነፍስ ነበር። ወገቤ ላይ ጫን ያለ ነገር ተሰማኝ፤ አንድ እግሬን እንደ ኤሌክትሪክ ነዘረኝና ተወኝ። አልተንቀሳቀስኩም።

«ገብቷል» አለ። «ጎበዝ። ሁለታችሁም ጎበዞች።»

መድኃኒቱን ልቤ እንዳይደነግጥ በጥቂት በጥቂቱ ነበር የሚሰጠኝ። መጀመሪያ እግሮቼ ሞቁ፤ ሙቅ ውኃ ውስጥ የቆምኩ መሰለኝ። ቀጥሎ የሚመጣውን ምጥ ጥርሴን ነክሼ ስጠብቀው ሆዴ ሲጠነክር አየሁ፤ ሕመሙ ግን ከሩቅ እንደሚሰማ ነጎድጓድ ሆነ። ጭራሽም ጠፋ። ልቤ ከጉሮሮዬ ወርዶ ቦታው ገባ። የቦሌ አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ሰማሁት፤ ጧት ስንትና ስንት ሲያልፉ አልሰማኋቸውም ነበር።

ድል ያደረግን መስሎን ፊታችን ገና ሲፈታ የልጁ ልብ ምት ዘገየ። ሆዴ ላይ በታሰረው መሣሪያ እንደ ፈረስ ግልቢያ ይሰማ የነበረው ድምፅ እየቆየ፣ እየቆየ ይመታ ጀመር። እኔም ዓይኔ ብዥ አለብኝ፤ አቅለሸለሸኝ።

«መድኃኒቱ የደም ግፊቷን አውርዶታል። በግራ ጎኗ አዙሯት» አለ ዶክተር መኮንን። ኦክስጅን አፍንጫዬ ላይ ሆነ። በደም ሥሬ መድኃኒት ሰጠኝ። እናቴ ግድግዳው ጥግ ሆና ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ሰይድ ከወደቀበት ተነሥቶ እጄን ይዟል። በዚያች ጊዜ ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ያንን ድምፅ እናዳምጥ ነበር። ዘገየ። ዘገየ። ከዚያ ቀስ እያለ መራመድ ጀመረ። ኋላም ጋለበ።

«ይሄ ሊመጣ እንደሚችል እናውቅ ነበር» አለችኝ ዶክተር ሶስና ላቧን በእጅጌዋ እየጠረገች። «ለዚህ ነው አጠገብሽ ያለነው።»

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ። በምጥ ላይ ያለች ሴት አንኮራፋች ብላችሁ ታምናላችሁ? እናቴ እስከ ዛሬ ትመሰክርብኛለች። ስነቃ እግርጌዬ ተቀምጣ የእግሬን ጣት ትቆነጥጣለች።

«ተሰማሽ?»

«ምን?»

«ያ አላህ!» ብላ እጇን አናቷ ላይ ጫነች። ዶክተር መኮንን ስሜቱ እንደሚመለስ ቢነግራትም ዓይኗን ከእግሬ ላይ አላነሣችም።

ከሰዓት በኋላ የመውለጃዬ ሰዓት ደረሰ። ብዙ እንዳልገፋ፣ ልቤን እንዳላደክም ተነግሮኛል። ምጡ ስለማይሰማኝ ሲስተሯ ሆዴ ላይ እጇን አድርጋ ሲጠነክር «አሁን ትንሽ» ትለኛለች፤ ሲላላ «ዕረፊ»። ዶክተር ሶስና ቫኪዩም በሚሉት መሳቢያ አግዛ ሳበችው። ዓይኔ ተከፍቶ፣ አእምሮዬ በቦታው ሆኖ፣ ልጄ ስትወጣ አየኋት። ሴት ናት። ለአንድ አፍታ ዝም አለች፤ ከዚያ ጩኸቷ ክፍሉን ሞላው። ሰይድ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ደረቴ ላይ ሲያስቀምጧት ፈዛ ትወለዳለች የተባለችው ልጅ አንገቷን እያዞረች ጡቴን ፈልጋ አገኘችው፤ ስትይዘውማ አፏ እንደ ቆንጣጭ ነበር። መድኃኒቱ ወደ እሷ የሚደርሰው እጅግ ጥቂቱ መሆኑን ዶክተር መኮንን በኋላ አስረዳኝ፤ እኔ ግን ማስረጃዬን ጡቴ ላይ አግኝቼ ጨርሼ ነበር።

እናቴ የልጅ ልጇን ሳመቻት። እልል ግን አላለችም። ተመልሳ እግርጌዬ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ደስ አላለሽም?» አልኳት።

«ዝም በይ» አለችኝ፣ «ሥራ ላይ ነኝ።»

እኔን ብርድ ብርድ እያለኝ ጥርሴ ይንገጫገጫል፤ ሲስተሯ በብርድ ልብስ ላይ ብርድ ልብስ ትደርባለች፤ ዶክተር መኮንን ከወሊድ በኋላ ልቤ ላይ የሚመለሰውን ደም ፈርቶ በየጊዜው ደረቴን ያዳምጣል። እናቴ ያንን ሁሉ አላየችም። እግሬን ታያለች። የዐስር አዛን ካለፈ ከብዙ ቆይታ በኋላ ነው የግራ እግሬ አውራ ጣት የተንቀሳቀሰው። እኔ ራሴ አላወቅሁም። እሷ አየችው።

እልልታዋ ክሊኒኩን አናወጠው። ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቁ ሴቶች ምን እንደሆነ ሳያውቁ ተቀበሏት። ሲስተሯ እየሮጠች መጥታ «እማማ፣ ሕሙማን አሉ!» ብትላት፣

«ይስሙ! እነሱም ይዳኑ!» ብላ ቀጠለች።

ዶክተር መኮንን በሩ ላይ ቆሞ ይስቅ ነበር። እናቴ ሄዳ እጁን ይዛ ልትስም ስትል እጁን ሰብስቦ የእሷን ግንባር ሳመ። ምን እንዳላት አልሰማሁም። ብቻ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ አለቀሰች፤ ለእኔ ብቻ እንዳልሆነ አወቅሁ።

ክሊኒኩ ውስጥ ለቀናት ጠብቀውኝ ወጣሁ። ወገቤን መርፌው የገባበት ቦታ ላይ ለሳምንታት አመመኝ፤ ይህንንም አልደብቃችሁም። ከዓመታት በኋላ የልቤን ክዳን ታክሜ ዛሬ ዳገት እወጣለሁ። ልጃችንን ዩስራ አልናት፤ በዐረብኛ ገር መሆን፣ መቅለል ማለት ነው። ሌላ ልጅ አልደገምንም፤ አንዷ ግን የስንቱን ያህል ትጮህ ነበር።

የተለወጠው ብዙ ነው። እናቴ ደሴ ከተመለሰች በኋላ ስለ አጎቴ ማውራት ጀመረች። ቀልዱን፣ አረማመዱን፣ ገበያ ላይ እንዴት ሰው እንደሚያስቅ። ስሙ ቤታችን ተመልሶ ገባ። እኔ ደግሞ ስለ ሕመም የማስበው ነገር ተለወጠ። ውድ አንባቢዎቼ፣ ኤፒዱራል ለሁሉ ነው እያልኩ አይደለም። የሚያውቅ ሐኪም፣ የሚከታተል ዓይን ይፈልጋል፤ የማይሆንላቸውም አሉ። ያለ እሱ አምጣ የወለደችም እናቴን ጨምሮ ጀግና ናት። ግን አንዲት ሴት ለልጇ የምታዝነው በታመመችበት ልክ ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ አንዲት የገርጂ ሴት ተኝታ እያንኮራፋች ልጇን ጠብቃ እንደነበር ንገሩት፤ ያች ልጅ ዛሬም እናቷን ደውላ ሳትጠይቅ አትውልም።

ባለፈው ክረምት ሰሚት የምትኖረው የእህቴ ልጅ ምጥ ይዟት ከሆስፒታል ደወለችልኝ።

«አክስቴ፣ መርፌውን እንስጥሽ እያሉኝ ነው። እዚህ ያሉት ሴቶች ግን እያስፈራሩኝ ነው። ምን ይሻለኛል?»

«የሚያስፈራሽን ሁሉ ሐኪምሽን ጠይቂው» አልኳት። «ሰፈሩን ግን አትጠይቂ።»

«ከፊቴ ቆሞ የሚይዘኝ ሰው ያስፈልጋል ብለውኛል። ትመጫለሽ?»

«ጫማዬን እያደረግሁ ነው» አልኳት።